የታዱ እናት ምስክርነት

ባለፈው ሰኔ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ ይዞኝ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ሳለ፣ ከጎኔ ቁጭ ያለች ሴት ከድስቷ ላይ የኮባውን ቅጠል ገለጥ ስታደርግ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። የተቀቀለ ጎደሬ ነበር፣ እኛ ቦይና የምንለው። የእኔ አፍንጫ ግን ጎደሬውን ትቶ የቅጠሉን ሽታ ለየ፤ ሙቀት ያላመው የእንሰት ቅጠል ሽታ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ዝናብ የመታው ሣር የሚመስል። ሴትየዋ «ልስጥሽ?» ብላ ቀና ስትልብኝ እኔ እዚያው በቆምኩበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የታዱ እናት ጎጆ ውስጥ ገብቼ፣ አልከፈት ያለውን ድስት እያየሁ ምራቄን እየዋጥኩ ነበር።

ቤታችን ከሶዶ ወጣ ብሎ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነበር። አባቴ በሳምንቱ ቀናት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ እሁድ ደግሞ የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበረ ሰፈሩ በሙሉ «መምህር» እያለ ይጠራው ነበር፤ እናቴ ብቻ ሲያናድዳት «አንተ ሰውዬ» ትለው ነበር። የመጀመሪያዋ ልጅ እኔ ማርታ ነኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ እዮብ፣ ከእዮብ ቀጥሎ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ የምትባል ላማችን ነበረች። ላሟን ከልጆች ጋር የቆጠርኳት ተሳስቼ አይደለም፤ እናቴ ጠዋት ተነስታ ደህና ማደሯን ቀድማ የምትጠይቀው እሷን ነበር፣ እኛ ተራችንን እንጠብቅ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ የታዱ እናት ትኖር ነበር። ባሏ ቆላ ወርዶ በቀን ሥራ ሲያርስ ወባ ገድሎት ሬሳው በሰው ትከሻ የመጣ ጊዜ፣ ታዱ ገና ጡት አልጣለችም ነበር ይባላል። እንባዋ ሳይደርቅ የባሏ ወንድሞች መጥተው፣ የደረሰ የደረሰውን እንሰት እየመረጡ ነቅለው፣ ለእሷ ጠበብ ያለች ጓሮና ገና ጉልበት የማይደርስ ተክል ትተውላት ሄዱ። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ የደረሰ እንሰት በጓሮው ያለው ሰው ክፉ ቀን ቢመጣ አይደነግጥም ነበር፣ የታዱ እናት ግን በየዓመቱ ሳይደርስ እየነቀለች መልሳ ስለምትተክል ቅጠሉ ብቻ ነበራት። ታዱ ራሷ፣ ሙሉ ስሟ ታደለች፣ በሕፃንነቷ ታማ ሁለቱም እግሮቿ ስለከዷት አትራመድም ነበር። እግሯ ያልሮጠውን ግን አፏ ይሮጥላት ነበር። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት የተማርኩትን ከሰዓት በኋላ ሄጄ አስተምራታለሁ፣ እሷ ደግሞ በማግስቱ እኔኑ ታርመኛለች፤ ኧረ ተዉኝ፣ እንዲህ ያለች ዓይን አውጣ ተማሪ አይታችሁ አታውቁም።

ትምህርቱ ሲያልቅ እናቷ ከድስቱ ትኩስ ጎደሬ አውጥታ፣ ልጣጩን በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ዳጣውን ከጎኑ አስቀምጣ ታቀርብልን ነበር። እናቴ «ከሰው ቤት አትብዪ» እያለች ብትቆጣም እኔ መቼ ሰምቼ! ዳጣው ዓይኔን እስኪያስለቅሰኝ በልቼ አፌን ጠራርጌ እመለስ ነበር። ያንን ጎደሬና በቆሎ ከየት እንደምታመጣው የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልጅ ሆኜ ምግብ ከድስት የሚወጣ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነበር። መስከረም ላይ ጊፋታን አክብረን፣ አዲስ ዓመት ብለን፣ ጠግበን ስንጨርስ፣ ምርት የሰበሰበ ሁሉ ከበቆሎው ከባቄላው ከጎደሬው ቆንጥሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣ ነበርና፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ይከማቻል። ሽማግሌዎቹ በወሩ መጨረሻ እሁድ ከጸሎት በኋላ በር ላይ ቆመው ባል የሞተባቸውን፣ ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሎችና አሮጊቶች በስም እየጠሩ በቆርቆሮ ይሰፍሩላቸው ነበር። «እህት ዘነበች» ሲባል የታዱ እናት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ታዱን በጀርባዋ እንዳዘለች ወደ ፊት ትሄዳለች። ታዱ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጥ ነበር፣ እግሮቿ ከእናቷ ጉልበት በታች ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ ይታየኛል።

የዚያን ዓመት የመኸሩ ዝናብ ቶሎ ተቆረጠ። ስኳር ድንቹ ሐረጉ ደርቆ ከመሬት ላይ እንደ ገመድ ተኝቶ ቀረ፤ ጥርን አልፈን የካቲት ስንገባ የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ወለሉ ይታይ ጀመር። አባቴ ማታ ማታ ምግብ ቀርቦለት ሳይነካው የተረጂዎቹን ስም ዝርዝር ያገላብጥ ነበር። በዚያው ሰሞን የአንድ አዛውንት ቤት ተቃጥሎ ከነሚስታቸው ሜዳ ላይ ስለቀሩ እነሱም ወደ ዝርዝሩ መግባት ነበረባቸው፣ እህሉ ግን ያለው ነው፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ሽማግሌዎቹ ማንን ያውጡ? አባቴ «ጌታ ያሳየን» እያለ ጾመ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከስብከት በፊት የምስክርነት ጊዜ ነበር። ወንጌላዊው «የሚመሰክር አለ?» ይላል፣ ጌታ ያደረገለት ይነሳል፣ ጉባኤው «አሜን» እያለ ያዳምጣል። እኛ ልጆች አህያው ጠፍታ ስለተገኘችለት ሰውዬ ለአራተኛ ጊዜ እየሰማን እንቆነጣጠር ነበር። አባቴ ግን ምስክርነት ሲሰማ ፊቱ እንደ ሕፃን ይሆን ነበር፤ ሰው በጌታ ፊት ቆሞ የተናገረውን ቃል ከመሬት አይጥለውም ነበር።

አባቴ በጾመበት ሳምንት እሁድ የታዱ እናት ተነሳች። ታዱን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ጌታ ይባረክ» ብላ ጀመረች። «ልጄ ሦስት ቀን በትኩሳት ነደደች። የማሳክምበት አልነበረኝም። እሱን ብቻ ጠራሁት። በአራተኛው ቀን ‹እናቴ፣ ጠማኝ› ብላ ተነሳች። እኔ ባል የለኝም፣ ጠባቂዬ ጌታ ነው፤ እሷ አባት የላትም፣ አባቷ ጌታ ነው። ባሌ ከሞተ እስከ ዛሬ ምንም አልጎደለብኝም፣ ምንም!» አለች፤ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ታዱን እያየሁ አጨበጨብኩ፣ እሷም በኩራት አንገቷን ሰበቀች።

አባቴ ከሽማግሌዎቹ ስብሰባ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ጌታ ራሱ መንገዱን አሳየን እኮ!» አላት እናቴን። «እህታችን ምንም አልጎደለብኝም ብላ በጉባኤ መሰከረች። የእሷ ድርሻ ቤት ለተቃጠለባቸው ይሁን ብለን በአንድ ልብ ተስማማን።»

እናቴ ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ። «እሷን ጠየቃችኋት?»

«ምን ይጠየቃል? ራሷ ተናገረች!»

«አንተ ሰውዬ...» አለችና ተወችው።

ልብ በሉልኝ፣ አባቴ ጨካኝ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የታዱን እናት አስቁሞ ውሳኔውን የነገራት የምሥራች የሚነግራት መስሎት እየሳቀ ነበር፣ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ታዱ በእናቷ ትከሻ ላይ ብቅ ብላ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ እናቷ የተንጠለጠለ እግሯን ጨበጥ አደረገቻት። ከዚያ «አሜን። ጌታ ይባርካችሁ» አለችና ሄደች። ሌላ ምን ትበል? ጌታ ሞልቶልኛል ብላ በሕዝብ ፊት እልል አስብላ፣ በሳምንቱ «የለም፣ ጎድሎብኛል» ትበል? እኔ ግን ያኔ ምንም አልገባኝም፣ ሮጬ ቀደምኳቸው።

መጋቢት ገብቶ በልጉ ዘነበ። ለማያውቅ ሰው ወላይታ በመጋቢትና በሚያዝያ የጠገበ አገር ይመስለዋል፤ ተራራው አረንጓዴ፣ ማሳው አረንጓዴ፣ መንገዱ ዳር ሳይቀር ለምልሞ፣ ሆድ ግን የሚላስ የሚቀመስ የሚያጣው ያን ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም የሚያምረው ሁሉ ገና አልደረሰም። እኔ እንደ ወትሮዬ ከሰዓት ከሰዓት ወደ ታዱ እሄድ ነበር። ድስቱ እንደ ወትሮው ተጥዷል፣ ጭሱ ከጣራው ይወጣል፣ የኮባው ሽታ ጎጆውን ሞልቶታል፣ ነገር ግን የታዱ እናት አትከፍተውም። «አልበሰለም ልጄ፣ ነገ ትበያለሽ» ትለኛለች። ነገም አልበሰለም። ከነገ ወዲያም። እኔ ሆዳም፣ ይሄ ምን ዓይነት ጎደሬ ነው እያልኩ በልቤ እቀየማት ነበር፤ እኔን መስጠት ሰስታ እኔ ስሄድ የሚበሉት መስሎኝ።

አንድ ቀን የታዱ እናት ውኃ ልትቀዳ ወጣ እንዳለች ተነስቼ ቅጠሉን ገለጥኩት። ድስቱ ውስጥ ውኃ ነበር። ውኃና ተቆራርጦ የገባ የኮባ ቅጠል፣ ሌላ ምንም የለም።

ታዱ ከተኛችበት እንደ መብረቅ ጮኸችብኝ። «ክደኚው!» አለች፣ ከደንኩት። «ለማንም ብትናገሪ ዓይንሽን አላየውም። እናቴ ጌታን በሰው ፊት አመስግናዋለች። ጭሱ ካልወጣ ሰዎቹ ‹ጌታዋ የት ሄደ?› ይሏታል። እናቴ ጌታን አታሳፍርም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደና «ማታ ጎመን እንበላለን» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጌ ያየኋት። ፊቷ ወፍራም የመሰለኝ አብጦ ነበር፣ ዓይኖቿ እብጠቱ ውስጥ ገብተው ነበር፣ የእግሯን ቆዳ በጣቴ ብነካው ጎድጉዶ ቀረ። «አልናገርም» ብዬ ማልኩላት።

አልተናገርኩም፤ መስረቅ ጀመርኩ እንጂ። መጀመሪያ የራሴን ድርሻ ነበር የምወስደው፣ የተቀቀለ ባቄላ በቀሚሴ ኪስ፣ ወተቴን በትንሽ ጠርሙስ በጉያዬ። የራስን መስጠት ስርቆት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሳምንት በኋላ ግን የራሴ አልበቃ ብሎኝ የእዮብንም ወተት ቀድቼ ስወጣ፣ ያ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ልጅ ከየት እንዳመጣው በማላውቀው ድምፅ «ወተቴን ሰረቀች!» ብሎ ሰፈሩን አናወጠው፤ ጉድ ፈላ።

አባቴ አጥሩ ጋ ያዘኝ። የሽማግሌ ልጅ ሌባ! እሱ ለመምታት የተፈጠረ ሰው አልነበረም፣ የዚያን ዕለት ግን ከባሕር ዛፉ አርጩሜ ቆርጦ መጣ። «ለማን ነው የወሰድሽው?» አለኝ።

«አልናገርም።»

«ሰርቀሽ ደግሞ ልትዋሺኝ ነው?»

«አልዋሸሁም አባዬ። አልናገርም ነው ያልኩት።»

እጁን ሲያነሳ መሐላዬ ሁሉ ከአፌ ተበተነ። «ታዱ እያበጠች ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «እናቷ ውኃ ነው የምትቀቅለው! ቅጠልና ውኃ! አንተ ነህ ስሟን ያስወጣኸው!» ጠርሙሱ ከጉያዬ ወድቆ ወተቱ ጭቃው ላይ ፈሰሰ፣ አርጩሜውም ከአባቴ እጅ እንዴት እንደወደቀ አላየሁም። ቤት ገብቶ ለእናቴ፣ «እሷ ራሷ እኮ ምንም አልጎደለብኝም አለች» አላት፣ ግን ድምፁ የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም።

«ምን እንድትል ፈልገህ ነበር?» አለችው እናቴ። «ልጇን ያዳነላትን ጌታ ስታመሰግን ቆይታ፣ ‹በዚያ ላይ እህል ቢጤ ጨምሩልኝ› ትበላችሁ?»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከራሳችን ጎተራ አንድ ቆርቆሮ በቆሎ ሞልቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አጥሩን ዞሮ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በቆሎውን እንደተሸከመ ተመለሰ። የታዱ እናት በርጩማውን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀምጣዋለች፣ ያለውን ሁሉ ሰምታዋለች፣ ከዚያም «መምህር፣ እኔ በጌታ ፊት የተናገርኩትን ላጥፍ ነው? ሰው ‹ጌታ ሞላልኝ ብላ በጓሮ ትቀበላለች› ይለኛል። ስሙን አሰድባለሁ። ይልቅ ለቸገረው ይስጡት» ብላዋለች። አባቴ ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጦ፣ «እጇ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው ለቸገረው የምትለኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ከአርጩሜው ይልቅ ያ አስፈራኝ። በጉባኤ ቆሜ ጥፋቴን ልናገር ሲል ደግሞ እናቴ «በሷ ረሃብ ላይ ቆመህ አንተ ንስሐ ልትገባ? አይሆንም!» ብላ አስቀመጠችው።

ታዱም ተቀየመችኝ። ብሄድ «ወሬኛ!» ብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የፊቷ እብጠት በየቀኑ ይጨምር ነበር፣ ማየት አልቻልኩም፣ ሜዳው ላይ ሄጄ ብቻዬን አለቅስ ነበር። ጌታንም ተጣላሁት፤ እውነቴን ነው። እሷ ይህን ያህል ላንተ ስትቸገር አንተ ምን እየጠበቅህ ነው አልኩት፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ።

አባቴ በቆሎውን ይዞ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቦራን ከነጥጃዋ ፈትታ፣ ገመዱን ይዛ፣ «ነይ ጥጃዋን ንጂልኝ» አለችኝ። ቦራ ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነበር፣ ወተቷ ሞልቶ የሚፈስበት ጊዜ። አጥሩን ዞረን የታዱ እናት ደጃፍ ስንደርስ እናቴ ጎንበስ ብላ ወገቧን ይዛ፣ እውነትም ያማት ነበር፣ እንዲህ አለቻት፤ «ዘነበች፣ አልቻልኩም። ወገቤ ሣር አላሳጭድ አለኝ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ መምህር እንደሆነ እንደምታውቂው ከመጽሐፍ በቀር የሚያጭደው ነገር የለም። ይህችን ላም በርቢ ያዢልኝ።»

ለማታውቁት፣ ርቢ በእኛ አገር የታወቀ ውል ነው። ላሟን የወሰደ ሰው ሣሯን ያጭዳል፣ በረቷን ይጠርጋል፣ ወተቱ የእሱ ነው፣ ወደፊት የሚወለደው ጥጃም የጋራ ነው። ወሳጁ አይለምንም፣ አያመሰግንምም፣ የሚያኖረው ሥራው ነው።

የታዱ እናት ላሟን አየቻት። ከዚያ እናቴን አየቻት። ከዚያ ተነስታ ቦራን ዞረቻት፣ ጡቷን ዳሰሰች፣ አፏን ከፍታ ጥርሷን ቆጠረች። «ይህቺ ጥጃ የናንተ ናት፣ ቀጣዩ ግን ለእኔ ነው፣ ግማሽ አልልም» አለች። ወይ ጉድ! እኔ እናቴ እሺ ብላ የምትገላገል መስሎኝ ነበር፣ እናቴ ግን «እንዴት ሆኖ! ደንቡ የጋራ ነው!» ብላ ተነሳችባት። የታዱ እናት የጓሮዋን ሣር እየጠቆመች፣ እናቴ የቦራን ዘር እየቆጠረች፣ ሁለቱም ድምፃቸው እየጨመረ፣ ሞቼ እገኛለሁ እያሉ ተከራከሩ። የምትንቀጠቀጠው እጅ መንቀጥቀጧን ረስታ አየር ላይ ትወናጨፍ ነበር። በመጨረሻ ደንቡ ይጽና ተባባሉና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ እኔም ምስክር ተብዬ ቆምኩ። ላም ወስደሽ ያዢልኝ ብሎ መለመን፣ ተመልሶ ደግሞ በውሉ መጣላት! እናቴ አብዳለች ብዬ ነበር።

ማምሻውን የታዱ እናት አለበች። የመጀመሪያውን ጽዋ ታዱ በሁለት እጇ ይዛ፣ አረፋው አፍንጫዋ ላይ ቀርቶ፣ ሳታቋርጥ ጨለጠችው። ከዚያ እኔን አየት አድርጋ «ወሬኛ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ታረቅን።

እውነቱን ልናገር፤ ለታዱ ወተት የሰረቅሁት እኔ፣ ላሟ ስትሄድ ከሁሉ አብልጬ ያኮረፍኩትም እኔው ነኝ። ጠዋት ጠዋት በሻይ ብቻ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ እዮብ «ቦራ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ሲነዘንዝ፣ ሆዴ ሲጮህ፣ ጽድቅ ምን ያደርግልኛል እል ነበር። ለእናቴ ደግሞ ከወተቱ የበለጠ ነገር ነበር የቀረባት። የሰፈሩ ሴቶች ለጊፋታ ሳምንት ሳምንት ቅቤ የሚያዋጡበት የቅቤ ዕቁብ ነበራቸው፤ እናቴ «ዘንድሮ አልችልም» ብላ ከዕቁቡ ስትወጣ ጎረቤቶቹ ምን ሆነች፣ መምህር ላሟን አስሸጣት ወይ ብለው ስንት ወሬ አወሩ። እሷ ወሬውን እየሰማች ጎመኗን ትከትፍ ነበር።

ግንቦት ሲያልቅ የታዱ ፊት ወደ ቀድሞው መጠኑ ተመለሰ፣ ምላሷም እንደዚያው። እናቷ ሣር ስታጭድ ታዱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የጥጃዋን ገመድ የእጇ አንጓ ላይ አስራ፣ በሌላ እጇ የእኔን ደብተር ይዛ ስህተቴን ትፈልግ ነበር። የተረፋቸውን ወተት እየናጡ ቅቤውን ገበያ ልከው በቆሎ ይገዙ ጀመር። ድስቱም ሲከፈት አየሁ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ወንጌላዊው «የሚመሰክር አለ?» ሲል የታዱ እናት ተነሳች። አባቴ አግዳሚው ላይ ጥፍሩን ሲነክስ አየሁት። «ጌታ ይባረክ» አለች፤ «ለልጄ ወተት ለመንኩት፣ እሱ ላም ላከልኝ። ከነጥጃዋ። አሁንም ምንም አልጎደለብኝም!» ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔ እሳት ጎረስኩ። የምን ጌታ ላከልኝ? ቦራ የእኛ ላም ናት! ገመዷን የያዘችው እናቴ፣ ጥጃዋን የነዳሁት እኔ! አንዲት ቃል፣ የመምህር ሚስት ማለት ምን ነበረበት? ዞር ብዬ እናቴን አየሁ፣ እሷም እንደኔ እንደተናደደች ላረጋግጥ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ከቤቱ ሴት ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እልል ትላለች። አባቴም ሊመሰክር ይመስል ቀስ ብሎ ተነሳና ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያው ሳምንት ግን ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ምድጃው ዳር ሄደን ሳንቀመጥ የማንንም ስም አናወጣም፣ እህሉንም በር ላይ ስም እየጠራን አንሰፍርም፣ በየቤቱ እናደርሳለን ብሎ ተከራክሮ አሳምኗቸዋል።

መስከረም መጣ። ጊፋታ ደረሰና በየቤቱ ቅቤ ሲነጠር እኛ ቤት ምንም አልነበረም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የታዱ እናት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጡብ የሚያክል ቅቤ ይዛ መጣች፣ «ለበዓላችሁ ነው፣ እንደሌላችሁ ሰምቻለሁ» አለች። የገዛ ላማችን ቅቤ ስጦታ ሆኖ ሲመጣልን! እኔ ሳቄን ልለቀው ስል እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝና፣ ቅቤውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ በቋንቋችን አመስግና «ጋላታ፣ ጌታ ይስጥሽ፣ ችግሬን አየሽልኝ» አለቻት። የታዱ እናት በዚያን ቀን ከደጃችን ስትወጣ የሄደችበትን አረማመድ አልረሳውም፤ ረጅም ሴት መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቦራ አምስት ዓመት እዚያው ቆየች። እንሰቱም ደረሰ። ታዱ ዛሬ ቦዲቲ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ እንደ እናታቸው አፈኞች። አባቴና የታዱ እናት ቀድመው ሄዱ፣ እናቴም አምና አለፈች። በለቅሶው ላይ ታዱ በባጃጅ መጥታ አጠገቤ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። እኔ የእናቴን ነገር እያነሳሁ ሳለቅስ፣ ያ የድሮ ቂሜ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ «እናትሽ ግን ስለ ላሟ በመሰከረች ዕለት የእናቴን ስም እንኳ አልጠራችም» አልኳት።

ታዱ አፍጥጣ አየችኝ። «ሳታውቂ ነው እስካሁን የኖርሽው?» አለች። «እናቴ እኮ በዋዜማው ቅዳሜ መጥታ እናትሽን ጠይቃታለች። ‹ነገ ልመሰክር ነው፣ ስምሽን ልጥራ?› አለቻት። እናትሽ ምን አለቻት መሰለሽ? ‹ብትጠሪኝ ላሜን ፈትቼ እወስዳለሁ!›»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እንደገና አለቀስን።

እኔ ዛሬ ሶዶ ውስጥ ለችግረኞች ዘይትና ዱቄት በሚያከፋፍል ቢሮ እሠራለሁ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ያተርፋል፣ አላማርርም። ስንሰጥ ግን ባነር እንሰቅላለን፣ የሰጪው ስም በትልቁ ይጻፋል፣ ተቀባዮቹ ዘይቱን ደረታቸው ላይ ይዘው በረድፍ ይቆማሉ፣ በስልኬ ፎቶ የማነሳቸው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ከመካከላቸው አንዷ ፊቷን ዘወር ታደርጋለች፣ እኔም «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ» እላለሁ፤ ከለቅሶው በኋላ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የእናቴ «ብትጠሪኝ» ትዝ ይለኛል። ጌታ ለደካሞች ያስባል ሲባል እንደ ልጅነቴ አምናለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁና። ያኔ ግን በእናቴ እጅ ሲሰጥ እጇ አይታይም ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ባልኩ ቁጥር፣ ሰጥቼ ስሜን ያልጠራሁበት አንድ ነገር በሕይወቴ እየፈለግሁ ነው፣ እስካሁን አላገኘሁም።